የመኪና ባትሪና የዓይን ጉዳት፦ ከዕቃው ወደ ኋላ የቀረ ዕውቀት ታሪክ

መግቢያ

አንድ የሥራ መሣሪያ ከሠሪው እጅ ወጥቶ ወደ ተጠቃሚው እጅ ሲገባ ሁለት ነገሮች አብረውት ሊጓዙ ይገባል። አንደኛው የአጠቃቀሙ ዘዴ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሊያስከትል የሚችለው አደጋ ዕውቀት ነው። የመጀመሪያውን ሻጩም ገዢውም ስለሚፈልጉት ፈጥኖ ይደርሳል። ሁለተኛው ግን ፈላጊ ስለማይኖረው ብዙ ጊዜ በመንገድ ይቀራል። በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው የጊዜ ርቀት ዋጋ የሚከፈልበት ሲሆን፣ ከፋዩም ዘወትር መሣሪያውን በእጁ የሚነካው ሠራተኛ ነው።

የመኪና ባትሪ ታሪክ ለዚህ አባባል ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ባትሪ በየጋራዡ፣ በየመናኸሪያውና በየጭነት መኪና ማቆሚያው፣ ዛሬ ደግሞ በፀሐይ ኃይል መብራት በሚያገኙ የገጠር ቤቶች ሳይቀር የሚገኝ ዕቃ ነው። በውስጡ የሚያቃጥል አሲድ መኖሩን ብዙ ሰው ያውቃል። ሣጥኑ ራሱ ሊፈነዳ እንደሚችል የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በሚፈነዳበትም ጊዜ ከአካል ክፍሎች ሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው የዓይን ጉዳይ ነው፤ ባትሪ የሚፈትሽ ወይም ገመድ የሚያያይዝ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ሣጥኑ አቅርቦ ይሠራልና።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ሦስት ነገሮችን ነው፦ ባትሪን የሚያፈነዳው ምክንያት መቼ ታወቀ? ዕውቀቱ ባትሪውን ወደሚነካው ሰው ሳይደርስ ለምን ቆየ? ከዚህስ ታሪክ ትምህርት ቤት ምን ሊወስድ ይችላል? በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት የተለየ ምልክት ካልተደረገባቸው በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከባትሪው በፊት የታወቁ ሦስት ነገሮች

ባትሪን የሚያፈነዳው አሲዱ አይደለም፤ ሃይድሮጅን የተባለው ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሌሎች ጋዞች የተለየ መሆኑን ለይቶ ያስረዳው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሄንሪ ካቨንዲሽ ነው። ካቨንዲሽ በ1766 ባወጣው ጽሑፍ ብረታ ብረት ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣውን ጋዝ «ተቀጣጣይ አየር» ብሎ ጠራው። በኋላም ፈረንሳዊው ላቯዚዬና ባልደረቦቹ ጋዙ ሲቃጠል ውሃ የሚፈጠር መሆኑን በማየት፣ በግሪክ ቋንቋ «ውሃን የሚወልድ» የሚል ትርጉም ያለውን የዛሬ ስሙን ሰጡት።

በ1800 ኢጣሊያዊው አሌሳንድሮ ቮልታ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ባትሪ ሠርቶ ለሳይንስ ዓለም አስታወቀ። ወሬው እንግሊዝ አገር እንደ ደረሰ በዚያው ዓመት ዊልያም ኒኮልሰንና አንተኒ ካርላይል የተባሉ ሰዎች ከባትሪው የሚወጣውን ኤሌክትሪክ በውሃ ውስጥ አሳለፉ። በአንዱ ሽቦ ጫፍ ሃይድሮጅን፣ በሌላው ኦክስጅን ሲወጣ ተመለከቱ። በዚህም ኤሌክትሪክ ውሃን ወደ ሁለት ጋዞች ሊከፍለው እንደሚችል ተረጋገጠ። ሁለቱ ጋዞች ተቀላቅለው ትንሽ እሳት ሲያገኙ በታላቅ ድምፅ ፈንድተው እንደገና ውሃ እንደሚሆኑም ቀድሞ የታወቀ ነበር።

ሦስተኛው ዕውቀት የተገኘው ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ነው። በእንግሊዝ አገር የከሰል ጉድጓዶች ውስጥ የሚጠራቀመው ተቀጣጣይ ጋዝ በሠራተኞች መብራት እየተያያዘ ብዙ ሕይወት ያጠፋ ነበር። ሃምፍሪ ዴቪ በ1815 ባደረገው ምርምር ነበልባል በጥቃቅን ቀዳዳዎች በተሠራ የብረት ወንፊት ውስጥ ማለፍ እንደማይችል አገኘ። ብረቱ የነበልባሉን ሙቀት ስለሚወስድ እሳቱ ወደ ማዶ ሳይሻገር ይጠፋል። በዚህ መሠረት የተሠራው የማዕድን ቆፋሪዎች ፋኖስ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ስለዚህ በ1815 ሦስት ነገሮች በግልጽ ይታወቁ ነበር። ሃይድሮጅን ከአየር ጋር ሲቀላቀል ይፈነዳል፤ ኤሌክትሪክ ይህን ጋዝ ከውሃ ያወጣዋል፤ ነበልባልን ደግሞ በጠባብ ቀዳዳዎች ማገድ ይቻላል። የባትሪን ፍንዳታ ለመረዳትም ሆነ ለመከላከል ከዚህ የበለጠ መሠረታዊ ዕውቀት አያስፈልግም። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ የተሠራው ግን ከዚህ 44 ዓመታት በኋላ ነው። እንግዲህ አደጋው ከመሣሪያው በፊት ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

ባትሪው በሠለጠኑ ሰዎች እጅ በነበረበት ዘመን

በ1859 ጋስተን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ ሁለት የእርሳስ ዝርግ ቆርቆሮዎችን እንዳይነካኩ ለይቶ ጠቀለላቸውና በሰልፈሪክ አሲድ ብጥብጥ ውስጥ ነከራቸው። ኤሌክትሪክ በውስጡ ካሳለፈ በኋላ መሣሪያው የተቀበለውን ኃይል አስቀምጦ መልሶ የሚሰጥ መሆኑን አየ። በተከታዩ ዓመት ዘጠኝ ክፍሎች ያሉት ባትሪ ሠርቶ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። በ1881 ደግሞ የአገሩ ሰው ካሚይ ፎር የእርሳስ ኦክሳይድ ሊጥ በእርሳሱ ላይ በመለጠፍ የባትሪውን የመያዝ አቅም በእጅጉ አሳደገው። የዛሬው የመኪና ባትሪ የዚህ ሥራ ቀጥተኛ ወራሽ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ባትሪ የሚገኘው በኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያዎች፣ በቴሌግራፍና በቴሌፎን መሥሪያ ቤቶች ነበር። ባትሪዎቹ ትላልቅ ስለ ነበሩ ለብቻቸው በተሠራ ክፍል ውስጥ ይደረደሩ ነበር። ክፍሉ የአየር መውጫ ነበረው፤ በውስጡ እሳት መለኮስ የተከለከለ ነበር፤ የሚጠብቁትም ሥራውን የተማሩ ሰዎች ነበሩ። በሌላ አነጋገር መሣሪያውና የአደጋው ዕውቀት በአንድ ጣራ ሥር ይኖሩ ነበር።

ዕውቀቱ በተጓደለ ጊዜ የሚደርሰውም በእነዚያ ዘመናት ታይቷል። በጥር 1916 ኢ-2 የተባለች የአሜሪካ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ በኒው ዮርክ የባሕር ኃይል መትከያ ቆማ ባትሪዋ በሚፈተንበት ጊዜ ፍንዳታ ደርሶ ሰዎች ሞተዋል። የዚህች መርከብ ባትሪ የእርሳስ ሳይሆን የኒኬልና የብረት ዓይነት ነበር፤ ሆኖም ያፈነዳው ያው ከባትሪ የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው። አደጋው የብዙዎችን ትኩረት የሳበ ነበር። ዳሩ ግን የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ጉዳይ ተደርጎ ታየ እንጂ፣ በዚያው ጊዜ በየመንገዱ መሽከርከር የጀመረውን የመኪና ባለቤት የሚመለከት ሆኖ አልተቆጠረም።

ባትሪው ወደ ሕዝብ እጅ ሲገባ

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ሞተር የሚነሣው በፊት ለፊታቸው በሚገባ መዘወሪያ ብረት በእጅ እየተዘወረ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው አውቶሞቢልም ሥራው ከዚህ የተለየ አልነበረም። መዘውሩ ጉልበት የሚጠይቅ ብቻ ሳይሆን ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታ የዘዋሪውን ክንድ የሚሰብር ነበር። ይህን ችግር ለማስወገድ አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ በባትሪ የሚሠራ የሞተር ማስነሻ ፈጠረ፤ የካዲላክ ፋብሪካም በ1912 ሞዴል መኪናዎቹ ላይ ገጠመው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌሎች ፋብሪካዎች ተከተሉ።

በዚህ ለውጥ አንድ አደጋ ቀርቶ ሌላ ተተካ። ክንድ የሚሰብረው መዘውር ቀረ፤ ነገር ግን ቀድሞ በተለየ ክፍል ውስጥ፣ በሠለጠነ ጠባቂ እጅ የነበረው ባትሪ በእያንዳንዱ መኪና ኮፈን ሥር ገባ። የአየር መውጫ ያለው ክፍል፣ እሳት የሚከለክለው ደንብና የተማረው ጠባቂ ግን አብረው አልገቡም። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ የጋራዥ ተለማማጁና የመኪናው ባለቤት የባትሪ ጠባቂ ሆኑ፤ ማንም ግን ለዚህ ሥራ አላዘጋጃቸውም።

በ1950ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ መኪና ፋብሪካዎች ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ባትሪ ተሸጋገሩ። የባትሪው ክፍሎች ቁጥር ከሦስት ወደ ስድስት አደገ። የመኪናው ቁጥር በበዛ መጠንም የደከመን ባትሪ ከሌላ መኪና ባትሪ ጋር በገመድ አያይዞ ሞተር ማስነሣት የዕለት ተዕለት ልማድ ሆነ። ከዚህ በታች እንደሚታየው ለዓይን እጅግ አስጊ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

ፍንዳታው የሚደርስበት መንገድ

ባትሪ ሲሞላ የሚገባው ኤሌክትሪክ በመጀመሪያ ሳህኖቹን ይለውጣል። ባትሪው ወደ መሙላቱ ሲቃረብና የእያንዳንዱ ክፍል ኃይል 2.4 ቮልት ገደማ ሲደርስ ግን ትርፉ ኤሌክትሪክ ኒኮልሰንና ካርላይል በ1800 ያዩትን ሥራ ይሠራል፤ ማለትም በአሲዱ ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ኦክስጅን ይከፍላል። ባትሪ ሲሞላ «ፈላ» የሚባለው ሙቀት አፍልቶት ሳይሆን እነዚህ ጋዞች አረፋ ሆነው ስለሚወጡ ነው።

መጠኑ ቀላል አይደለም። ከሞላ በኋላ የሚገባ አንድ አምፔር-ሰዓት ኤሌክትሪክ ከአንድ ክፍል 0.42 ሊትር ያህል ሃይድሮጅን ያወጣል። ስድስት ክፍል ያለው ባትሪ በ10 አምፔር ለአንድ ሰዓት ከመጠን በላይ ቢሞላ 25 ሊትር ያህል ሃይድሮጅን ይወጣዋል ማለት ነው። ከፈሳሹ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ግን ጥቂት ብርጭቆ ብቻ የሚይዝ ስለሆነ ፈጥኖ በጋዝ ይሞላል። የባትሪው ፈሳሽ ጎድሎ ከሆነ ደግሞ ባዶው ቦታ ስለሚሰፋ የሚጠራቀመውም ጋዝ በዚያው ልክ ይበዛል።

ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ በሚሆንበት ጊዜ ሁሉ ሊቀጣጠል ይችላል። ይህ ከብዙዎቹ ተቀጣጣይ ጋዞች የሰፋ ወሰን ነው። ለመቀጣጠል የሚያስፈልገው ኃይልም እጅግ አነስተኛ፣ ይኸውም 0.02 ሚሊጁል ገደማ ነው። ሰው ሹራብ ሲያወልቅ የሚሰማው ብልጭታ እንኳ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። እንግዲህ ገመድ ሲያያዝ ወይም ሲነቀል የሚታየው ብልጭታ፣ በሁለቱ የባትሪ ጫፎች መካከል የወደቀ ቁልፍ የሚፈጥረው ቃጠሎ፣ ሲጋራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በጨለማ የፈሳሹን ልክ ለማየት የሚለኮስ ክብሪት ምን ያህል ከሚያስፈልገው በላይ እንደሆነ መገመት ይቻላል። አንዳንድ ጊዜም በባትሪው ውስጥ የላላ ወይም የተሰበረ ማያያዣ ሞተሩ ሲነሣ ራሱ ብልጭታ ይፈጥራል።

ፍንዳታው በቅጽበት ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ግን የሣጥኑ ክዳን ይሰነጠቃል፤ ስባሪው ከነአሲዱ ወደ ላይ ይወረወራል። የተሞላ ባትሪ ፈሳሽ በክብደት ከሦስት እጅ አንዱ ያህል ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ስለዚህ ዓይን በአንድ ጊዜ ሁለት ዓይነት ምት ያገኘዋል፦ የስባሪና የግፊት ምት፣ እንዲሁም የአሲድ ቃጠሎ።

የዓይን ሐኪሞች ምስክርነት

ስለ ጉዳዩ የተጻፉ የሕክምና ጽሑፎች በጉልህ መታየት የጀመሩት በ1970ዎቹ ነው። የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት በ1973 የባትሪ ፍንዳታ ለጤና አስጊ መሆኑን የሚያመለክት ጽሑፍ አወጣ። በ1977 ከመኪና ባትሪ የሚመጣ የዓይን ጉዳት በአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች ጉባኤ የኅትመት ሥራዎች ውስጥ ቀረበ። በ1982 ደግሞ የብሪታንያ የዓይን ሕክምና መጽሔት በመኪና ባትሪ ፍንዳታ ዓይናቸው ስለ ተጎዳ ሕሙማን ጽሑፍ አተመ። ኬተሪንግ ባትሪውን በመኪና ውስጥ ካስገባ 60 ዓመታት፣ ካቨንዲሽ ጋዙን ለይቶ ካሳወቀም ከ200 ዓመታት በላይ ማለፉ ነው።

ሐኪሞቹ የሚገልጹት ጉዳት ከሌላው የአሲድ ቃጠሎ የሚለየው በምቱ ነው። ሰልፈሪክ አሲድ የዓይኑን የፊት መስታወት፣ ማለትም ኮርኒያውን፣ ያቃጥላል። የባትሪ አሲድ የተበረዘ በመሆኑ ፈጥኖ በብዙ ውሃ የታጠበ ቃጠሎ ብዙ ጊዜ ይድናል። የስባሪው ምት ግን ከላይ በማይታይ ቦታ ጉዳት ያደርሳል። በዓይን ውስጥ ደም ሊፈስ፣ ሌንሱ ከቦታው ሊናጋ ወይም በኋላ ሞራ ሊሠራበት፣ ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ሊቀደድ ወይም ሊላቀቅ፣ የዓይኑ ኳስ ራሱም ሊተረተር ይችላል። ውስጡ የተመታ ዓይን ከዓመታት በኋላ ግላኮማ ሊይዘው እንደሚችልም ይታወቃል። ስለዚህ «ታጥቤ ሕመሙ ተወኝ» ያለ ሰው ሳይመረመር ቢቀር የዳነ መስሎት እይታውን ሊያጣ ይችላል።

የመሐንዲሶች መልስና ወሰኑ

የሐኪሞቹ ጽሑፎች በሚወጡበት ዘመን የባትሪው አሠራርም በመለወጥ ላይ ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቀላሉ ይሰበር የነበረው የጠጣር ጎማ ሣጥን ፖሊፕሮፕሊን በተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ተተካ። በጋዝ መውጫው ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት የነበልባል ማገጃ ተገጠመ። ይህ ማገጃ የሚሠራው በዴቪ ፋኖስ መሠረተ ሐሳብ ነው፤ ከውጭ የመጣ እሳት ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ያግደዋል። ሃይድሮጅን ከማዕድን ጋዝ ይልቅ በጠበበ ቀዳዳ ማለፍ ስለሚችል ቀዳዳዎቹ ከፋኖሱ ወንፊት እጅግ የደቀቁ ናቸው።

በ1970ዎቹ ደግሞ በእርሳሱ ውስጥ ይገባ የነበረውን አንቲሞኒ በካልሲየም በመተካት ጋዝ የማውጣት ጠባዩ የቀነሰና ውሃ መጨመር የማያስፈልገው ባትሪ ለገበያ በስፋት ቀረበ። ከዚህ ቀደም ሲል በ1957 በጀርመን አገር ኦቶ ያኬ አሲዱን እንደ ሙጫ ያረጋ ባትሪ ሠርቶ ነበር። በዚህ ዓይነቱ ባትሪ የሚፈጠሩት ጋዞች በአብዛኛው ተመልሰው ውሃ ይሆናሉ፤ የተረፈውም በትንሽ መክፈቻ በኩል ይወጣል።

ከመሣሪያው ማሻሻያ ጋር የማስተማር ሥራም ተጀመረ። በአሜሪካ ከ1908 ጀምሮ የቆየው የዓይነ ስውርነት መከላከያ ማኅበር መኪና በገመድ የሚነሣበትን ትክክለኛ ቅደም ተከተል የሚያሳይ፣ በሞተሩ አጠገብ የሚለጠፍ ወረቀት ለባለ መኪናዎች አሰራጨ። ሐሳቡ ቀላልና ብልህ ነው፤ ትምህርቱ ከመሣሪያው ጋር እንዲኖር አደረገ።

ይሁን እንጂ የመሐንዲሱ መልስ ወሰን አለው። የነበልባል ማገጃ ከውጭ የመጣን እሳት እንጂ በባትሪው ውስጥ የተነሣን ብልጭታ አያስቆምም። ድፍን የተባለውም ባትሪ ከመጠን በላይ ከተሞላ ጋዝ ያወጣል። አሮጌው፣ ክዳኑ የሚከፈተውና ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ደግሞ ርካሽና የሚጠገን በመሆኑ በብዙ አገሮች ከሥራ አልወጣም። ስለዚህ የመጨረሻው መከላከያ ዛሬም በሠራተኛው እጅና ዕውቀት ላይ ይገኛል።

ሊታወቁ የሚገባቸው ደንቦች

ከላይ ከተገለጸው አሠራር የሚከተሉት ደንቦች ይመነጫሉ። እያንዳንዱ ደንብ ምክንያት ስላለው፣ ምክንያቱን የተረዳ ሰው ደንቡን በቃሉ ባይዘው እንኳ ከራሱ ሊያወጣው ይችላል።

1ኛ/ ባትሪ በሚነካበት ጊዜ ሁሉ ጎንንም የሚሸፍን የመከላከያ መነጽር ማድረግ፤ ፊትን ከባትሪው በላይ አለማቅረብ።

2ኛ/ በባትሪ አጠገብ ክብሪት፣ ላይተርና ሲጋራ አለማቅረብ፤ የፈሳሹን ልክ በእጅ ባትሪ ብርሃን ብቻ ማየት። ባትሪ የሚሞላበት ቦታ አየር እንዲያገኝ ማድረግ።

3ኛ/ መሙያውን ሳያጠፉ ገመዱን አለማያያዝና አለመንቀል። ብልጭታው የሚነሣው ጋዙ በበዛበት ሰዓትና ቦታ ነውና።

4ኛ/ አሉታዊው ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር በተያያዘበት የተለመደ አሠራር፣ ባትሪ ሲፈታ አሉታዊውን አስቀድሞ መፍታት፣ ሲታሰርም እርሱን መጨረሻ ማሰር። እንዲህ ከተደረገ የአዎንታዊውን ጫፍ የሚፈታ ቁልፍ የመኪናውን ብረት ቢነካ እንኳ ብልጭታ አይነሣም።

5ኛ/ መኪና ከሌላ መኪና ባትሪ በሚነሣበት ጊዜ የሁለቱ ባትሪ ቮልት እኩል መሆኑን ማረጋገጥ፤ የሁለቱንም ሞተር ማጥፋት። ከዚያም ቀዩን ገመድ በደከመው ባትሪ አዎንታዊ ጫፍ፣ ሌላ ራሱን በደህናው ባትሪ አዎንታዊ ጫፍ ማሰር። ጥቁሩን ገመድ በደህናው ባትሪ አሉታዊ ጫፍ አስሮ፣ የመጨረሻውን ራሱን በደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ርቆ በሚገኝ ቀለም ባልተቀባ የሞተር ብረት ላይ ማያያዝ። የመጨረሻው ንክኪ ብልጭታ ማውጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ብልጭታው ከጋዙ ርቆ እንዲነሣ ማድረግ ነው። ሲነቀል ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል።

6ኛ/ አሲድ በሚበረዝበት ጊዜ ዘወትር አሲዱን በቀስታ ወደ ውሃው መጨመር እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አለመጨመር። በሁለተኛው አኳኋን የሚፈጠረው ድንገተኛ ሙቀት አሲዱን ወደ ፊት ይረጨዋል።

አደጋው ከደረሰ ጊዜ የሚሰጠው የመጀመሪያ እርዳታ ውሃ ነው። ዓይንን ሳያሹ፣ ቆቡን በጣት ከፍቶ፣ ንጹሕ ውሃ ያለ ግፊት በቀስታ እየፈሰሰ እንዲያጥበው ወዲያውኑ መጀመርና ቢያንስ ለ20 ደቂቃ መቀጠል ያስፈልጋል። ሐኪም ቤት ለመድረስ ሲባል እጥበቱን ማዘግየት አይገባም፤ ጉዳቱን የሚወስኑት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው። አሲዱን ለማርከስ ብሎ ሶዳ ወይም ሌላ መድኃኒት በዓይን ውስጥ ማድረግ ጎጂ ነው። ስባሪ ዓይኑን የወጋው መስሎ ከታየ መንቀልም ሆነ መጫን አይገባም፤ ዓይኑ እንዳይነካ ከልሎ በፍጥነት ወደ ዓይን ሐኪም መውሰድ ነው። ሕመሙ ቢቀንስም ምርመራው አይቀርም።

ለትምህርት ሥራ የሚሰጠው ትርጉም

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ዋናው ትምህርት፣ ዕውቀት አለ ማለት ዕውቀት ደርሷል ማለት አለመሆኑ ነው። ባትሪ የዓይን ብርሃን ያጠፋው ሳይንስ መልሱን ስላላገኘ አይደለም። መልሱ በቤተ ሙከራና በመጽሐፍ ውስጥ ሲኖር ባትሪው በጋራዥ ውስጥ ስለ ነበረ ነው። ሁለቱን ለማገናኘት ከትምህርት ቤት የተሻለ ቦታ የለም።

ማገናኛውም አዲስ የትምህርት ዓይነት መክፈትን አይጠይቅም። የኬሚስትሪ መምህር ሃይድሮጅንን ለመለየት በፍተኛ ቱቦ አፍ ላይ የሚነድ እንጨት ሲያቀርብ «ጷ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ተማሪዎች ይህን ድምፅ የፈተና መልስ አድርገው ይይዙታል። መምህሩ ያ ድምፅ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ኩብ ጋዝ የተፈጠረ መሆኑን አስረድቶ፣ ያው ጋዝ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ፣ ከአሲድ በላይ ተጠራቅሞ ክብሪት ሲቀርብለት ምን እንደሚሆን ቢጠይቅ፣ ትምህርቱ የዓይን መከላከያ ይሆናል። የፊዚክስ መምህር ስለ ወረዳና ስለ ብልጭታ ሲያስተምር የመጨረሻው ገመድ ለምን ከባትሪው ርቆ እንደሚታሰር ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲደርሱበት ማድረግ ይችላል። የባዮሎጂ መምህርም የዓይንን ክፍሎች ሥዕል ሲያስጠና አሲድ የቱን፣ ምት የቱን እንደሚጎዳ ሊያመለክት ይችላል።

ይህ በተለይ ለአገራችን ሁኔታ ክብደት አለው። በ1934 ዓ.ም. ከተቋቋመው የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ጀምሮ የሙያ ትምህርት ቤቶች ሠልጣኞችን ሲያወጡ ቢኖሩም፣ በጋራዥና በጭነት መኪና ላይ የሚሠሩ ብዙ ወጣቶች ሙያውን የሚማሩት ከአለቃቸው እጅ እያዩ ነው። አለቃው በክብሪት የሚያይ ከሆነ ተለማማጁም በክብሪት ያያል። እነዚህን ወጣቶች የሙያ ትምህርት ቤት ባያገኛቸውም አብዛኞቹ በመደበኛው ትምህርት ቤት በር አልፈዋል። እንግዲህ የመጨረሻው ዕድል የሳይንስ መምህሩ ነው። የዓይን ሐኪም በአብዛኛው በትላልቅ ከተሞች የሚገኝ በመሆኑም፣ ከከተማ ርቆ ለሚሠራ ሰው መከላከሉና ወዲያውኑ መታጠቡ ከሕክምናው የቀደመ ዋጋ አለው።

የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም ድርሻ አላቸው። ለሙያ ማሠልጠኛ የተሽከርካሪ ክፍል የሚገዙ ዕቃዎች ዝርዝር ሲዘጋጅ መነጽሩ ከመፍቻው ጋር በአንድ ረድፍ ሊጻፍ፣ የባትሪ መሙያው ቦታ ሲመረጥ መስኮቱና የውሃ ቧንቧው አብረው ሊታሰቡ ይገባል። ቧንቧ በሌለበት ቦታ ንጹሕ ውሃ የሞላ፣ ክዳን ያለው ጀሪካን ዘወትር ከባትሪው አጠገብ ማኖር ይቻላል። የሠልጣኙ የተግባር ፈተናም ሞተሩ መነሣቱን ብቻ ሳይሆን ገመዱ በምን ቅደም ተከተል እንደ ታሰረ ሊመዝን ይገባል። የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ለገጠር ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሲታደልም ባትሪው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ማጠቃለያ

የባትሪ አደጋ ታሪክ በ1766 የታወቀ ጋዝ፣ በ1859 የተሠራ መሣሪያና በ1912 የተለወጠ አጠቃቀም ውጤት ነው። ባትሪው ከጠባቂው ክፍል ወጥቶ ወደ ሕዝቡ ሲገባ የአደጋው ዕውቀት ከክፍሉ አልወጣም ነበር፤ ሐኪሞች ጉዳቱን በጽሑፍ እስኪመዘግቡም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ። ዛሬ ዕውቀቱም መከላከያውም በእጅ አለ። መነጽሩ ርካሽ ነው፤ ውሃው ከዚያ ይረክሳል፤ የገመዱ ቅደም ተከተል ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። የቀረው እነዚህን ከክፍል ወደ ጋራዥ ማድረስ ነው፤ ይህም የመምህሩና የዕቅድ አውጪው የጋራ ሥራ ነው።